ሰላጣው እስከ ደብረ ዘይት ካልዳነ

አማቴ እማማ እናትዓለም የዓሣ ገንዳዬን አይወዱትም። እኔን አይወዱኝም ቢባል ይቀላል፤ እኔን ግን ልጃቸው በቁርባን ስላገባኝ ማስወጣት አይቻልም። ገንዳውን ይቻላል። ግቢው የሳቸው ነው።

ነገሩ ያን ያህል የሚያስጠላ አይደለም። ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤታችን ጓሮ አንድ የተቆረጠ ሮቶ አለ፤ ውስጡ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አረባለሁ። ከሮቶው በላይ ጠጠር የሞላ ሰፊ ሳጥን አለ፤ ሰላጣው እዚያ ነው የሚበቅለው። ፓምፕ የዓሣውን ውኃ ወደ ጠጠሩ ይገፋል፤ ሰላጣው ከዓሣው እዳሪ ምግቡን ይወስድና ውኃው ተጣርቶ ይመለሳል። አፈር የለም። እሠራበት የነበረው የአበባ እርሻ ሲዘጋ የጀመርሁት ነው፤ ሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች ይወስዱልኛል። ለጫማዬም ለቀሚሴም የባሌን የጌትነትን እጅ የማላየው በዚህ ምክንያት ነው። ገንዳው ከፈረሰ የራሴ የምለው ነገር የለኝም።

እማማ ግን «የዓሣ እጣቢ የጠጣ ቅጠል የሚበላ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ይላሉ። እኔ በማልሰማበት ቢሉት ምን ነበረበት። እኔው እየሰማሁ፣ ለጎረቤት ነው የሚሉት።

ቅበላ ሰሞን ዋርሳዬ አካሉ ሜትር ይዞ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ነው፤ ዓይኑን የጣለው እናቱ ባሉበት ክፍል ላይ መሆኑን ያላወቀ የለም። «ለእማዬ ጓሮ ጸጥ ያለች ክፍል እንሥራላት። ውስጥ ጫጫታው አላስተኛትም» አለና ሜትሩን በሮቶዬ ላይ ዘረጋው። እሳቸው «እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ገቡ። እኔም ተስማምተዋል ብዬ ያዝሁባቸው።

ባሌ ጌትነት እናቱንም ወንድሙንም እኔንም ላለማስቀየም ሲል ሁላችንንም ማስቀየም ያውቅበታል። «ሰላጣው ታሞ የለ? እስከ ደብረ ዘይት ይታይ። ካልዳነ ይፈርሳል» ብሎ ፈረደ። ቆሽቴ አረረ። ግን ሰላጣው እውነትም ታሞ ነበር።

አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ነው፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ። የታችኛው፣ ያረጀው ቅጠል ቀድሞ ቢሆን ቢጫ የሆነው፣ ዓሣው ምግብ አንሶት እዳሪው ቀንሷል እል ነበር። ከላይ፣ ከለጋው ሲጀምር ግን የብረት እጥረት ነው፤ አበባ እርሻ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። መራዊ ሄድሁና ለመስኖ ገበሬዎች ከሚሸጥ ሱቅ ሥር የሚስበውን የብረት ዱቄት ገዛሁ። በጥብጬ ጨመርሁት፤ ውኃው ሻይ መሰለ። ጠበቅሁ። ወይ ፍንክች። እንዲያውም ባሰበት።

ያኔ ነው ልቤ ወደ እማማ የሄደው። ፓምፑን እየነቀሉብኝ ነው ብዬ ሶኬቱን በፕላስተር ጠቀለልሁት። አዩት።

«ሌባ ገብቶብሻል?» አሉ።

«የቤት ሌባ ማን ያውቀዋል፣ እማማ» አልሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያበሰልሁትን መቅመስ ተዉ። የጾም ሽሯቸውን ራሳቸው ይሠራሉ፣ ራሳቸው ያጥባሉ። ጌትነት በመካከላችን ቁጭ ብሎ ስለ እግር ኳስ ያወራል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወደ ገንዳው ብሄድ ዓሣዎቹ ከላይ ተንሳፍፈው አፋቸውን ይከፍታሉ። ብረት ያጣ ቅጠል ዓሣ አያሳምምም። ንዴት ባያሳውረኝ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አሁን አደረግሁት፤ የውኃ መለኪያ ወረቀቱን ነከርሁ። አረንጓዴ መሆን ሲገባው ድፍን ሰማያዊ ሆነ፤ ውኃው ከመጠን በላይ አልካሊ ሆኗል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ውኃ የፈለገውን ያህል ብረት ቢጨመር ሥሩ አያገኘውም፤ ይዘቅጥና ይቀራል። የመራዊው ዱቄቴ ሁሉ ገደል ገብቷል።

ውኃውን እንዲህ ያደረገው ምንድን ነው? የቧንቧውን ለካሁ፤ ደህና ነው። ጠጠሩ ኖራ ይኖረው ይሆን ብዬ ሎሚ ጨመቅሁበት፤ ኖራ ቢሆን አረፋ ይነሳ ነበር፤ ዝም አለ። እጄን ጠጠሩ ውስጥ እስከ ክንዴ አስገብቼ ብቆፍር ግራጫ ጭቃ ይዞ ወጣ። በጣቶቼ አሸሁት። እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። አመድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ቆሜ ጠበቅሁ። እማማ ከኪዳን ተመለሱ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ከምድጃው ጣሳ ሙሉ አመድ ዘገኑ፤ በወንፊት አድርገው በሰላጣዬ ላይ ነሰነሱት። ቀስ እያሉ፣ አንዱንም ሥር ሳይዘሉ።

«ምን እየሠሩ ነው፣ እማማ?»

ዞረው አላዩኝም። «ክሽክሽ ተባይ ወጥቶበታል። አይታይሽም?»

«እየገደሉት ነው! ዓሣውንም ሰላጣውንም!»

«ደቅ ደሴት ላይ ጎመን ያለ አመድ በቅሎ አያውቅም። ባልሽ ያደገው በዚያ ጎመን ነው።»

«ደቅ ላይ አፈር አለ። አፈር አመዱን ይችለዋል። ይኸ ውኃ ብቻ ነው፤ አመዱ ገብቶ ብረቱን ያስርበታል።»

«ብረት?» አሉና አሁን ዞሩ። «ሰላጣ ብረት ይበላል? ተምረሽ የመጣሽው ይኸን ነው?»

«ይፍረስ ካሉ በግልጽ ይበሉት። በአመድ አይግደሉት።»

ወንፊቱን ጠጠሩ ላይ ወረወሩት። «እጄ ድሮም አመድ አፋሽ ነው» ብለው ገቡ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ድርጊታቸውን በልጆቻቸው ፊት የምናገርበትን ቀን መቁጠር ጀመርሁ።

ሰላጣውን ነቅዬ ሥሩንም ቅጠሉንም አጠብሁ፤ ጠጠሩንም በባልዲ በባልዲ አጥቤ ሰላጣውን መልሼ ተከልሁት። ውኃውን በአንድ ጊዜ ብቀይረው ዓሣው ይሞታል፤ ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀዳሁ አውጥቼ፣ በርሜል ውስጥ ያደረ የቧንቧ ውኃ ተካሁበት። የምድጃውን አመድ ጠዋት ጠዋት እሳቸው ከኪዳን ሳይመለሱ ዛቅሁት። ወረቀቱ ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ሲመጣ የቀረኝን ብረት እንደገና ሰጠሁት። ዓሣዎቹ ወደ ታች ወረዱ። የደብረ ዘይት ሳምንት ከየሰላጣው ልብ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለ። አለቀስሁ፤ ከደስታም ከንዴትም።

ከደብረ ዘይት ማግስት አካሉ ግንበኛ ይዞ መጣ። ግንበኛው መዶሻውን ሮቶዬ ላይ አስደገፈው። ጌትነትም እማማም ወጡ።

«ይኸው ቢጫ ነው፤ ቃል ደግሞ ቃል ነው» አለ አካሉ የዳር ዳሩን ቅጠል እያነሳ።

«እሱ ድሮ የታመመው ነው። የመሐሉን እይ። ድኗል» አልሁት።

አጎንብሶ አየ። አልወደደውም። «ነገ ተመልሶ አለመታመሙን በምን እናውቃለን? እስከ ዛሬ እንዳይድን ያደረገው ምን ነበር?»

ይኸን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። እማማ እናትዓለም በልጆቻቸውና በማያውቁት ሰው ፊት ቆመዋል። አፌን ከፈትሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ እሳቸው። «አመድ ስነሰንስበት ከረምሁ።»

የአካሉ ፊት በራ። «አላልኋችሁም? እማዬም አልወደደችውም። ይፍረስላት።»

«ብጠላውማ ገመዱን ነቅዬ እተኛ ነበር» አሉ። «እንዲድን ነው የነሰነስሁት። እሱ ከሞተ አልጋዬ እዚህ ሊወጣ አይደል? አባትህ የሞተበትን ክፍል ለሚስትህ ልትሰጥ፣ እኔን ጓሮ ልታሳድር። ሜትርህን ይዘህ ስትመጣ አልገባትም ብለህ ነው?»

«እናንተ ታውቃላችሁ አላልሽም?»

«ታዲያ አላወቃችሁም!»

ጌትነት አንገቱን ደፋ። ግንበኛው ሳይነገረው መዶሻውን አነሳና ወደ በሩ ሄደ። አካሉም ሜትሩን ኪሱ ከትቶ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ተከተለው።

አመሰግናለሁ ልል ወደሳቸው አንድ እርምጃ ሄድሁ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«አንቺም አፍሽን ከፍተሽ ነበር» አሉ። «አይቼሻለሁ።»

እውነት ነበር።

አሁን አመዱን የምድጃው ጥግ በጣሳ አስቀምጥላቸዋለሁ። በአጥሩ ሥር፣ አፈር ላይ፣ ለተከሉት ጎመን ይነሰንሱታል። ጎመኑ አምሮበታል። ለጌትነት ይቀነጥሱለታል፣ ለጎረቤት ይልካሉ። ለእኔ እስካሁን አልሰጡኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።