ያልተገነዙት ጳጳስ

እናቷ ከተቀበረች ሳምንት ሳይሞላ ሶልያና ሥራ ገባች።

ልቅሶ የተቀመጡት ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ሰፈር ባለው የካውንስል ኪራይ ቤታቸው ነበር። ሳሎኑ ጠቦ ሰው እስከ ደረጃው ድረስ ወንበር ይዞ ተቀምጧል። እሷ ሰው ሲመጣ ትነሣለች፣ ትሳማለች፣ ሻይ ታቀርባለች፣ የተበላበትን ሳህን ታነሣለች። ሃርልስደን ከሚባለው ሰፈር የመጡት ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ እንደያዘች ቆማ ታያቸዋለች። እንባ ጠብ አላላትም። «ድንጋጤ ነው፣ ተዋት» አለች አንዷ። «እዚህ አገር ያደገ ልጅ እንዲህ ነው» አለች ሌላዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ። ሶልያና ሁለቱንም ሰማች፤ አንዱም አልከነከናትም። ሲተኙበት እንደሚደነዝዝ ክንድ መላ አካሏ ደንዝዟል። የራሷ መሆኑን ታውቃለች እንጂ አይሰማትም።

የምትሠራው ለንደን መሀል ባለ አሮጌ ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ጎብኚ ታስጎበኛለች። የተማረችውም የጥበብ ታሪክ ነው፤ በተለይ ጎቲክ የሚባለውን፣ በመካከለኛው ዘመን ከፈረንሳይ ተነሥቶ አውሮፓን ያዳረሰውን የግንባታ ስልት። አለቃዋ ማርጋሬት «ቤትሽ ዕረፊ፣ ፈቃድ አለሽ» ብትላትም እምቢ አለች። ቤት ውስጥ እናቷ ጀምራ የተወችው የመድኃኒት ሳጥን አለ፤ ካፖርቷ አለ። እዚህ ግን አፏ ብቻውን ይሠራል። «ሹሉን ቅስት ተመልከቱ» ይላል አፏ፤ «ከክቡ ቅስት ይልቅ ክብደቱን ወደ ታች ስለሚያወርደው ሕንጻውን ወደ ሰማይ ማርዘም ተቻለ።» ሰዎቹ አንገታቸውን ወደ ላይ ያቀናሉ። እሷ ስለሚቀጥለው አውቶብስ ታስባለች፤ ወይም ምንም አታስብም።

የሃርልስደን ኢትዮጵያውያን አዛውንቶች ጉብኝት ቀደም ብሎ የተያዘ ነበር። ያዘጋጀችውም እናቷ ራሷ፣ ብፅዓት ናት። «ልጄ እንግሊዞቹን የገዛ ቤተክርስቲያናቸውን ታስጎበኛቸዋለች» እያለች በሄደችበት ሁሉ ስታወራ ኖራ፣ አንድ ቀን እንኳ መጥታ አላየችም። ወይ የፈረቃ ሥራ ይይዛታል፣ ወይ ጉልበቷን ያማታል። ኋላ ደግሞ ሆስፒታል ገባች። ከቀብሩ በኋላ እትዬ አልታየሽ ደወሉ። ከብፅዓት ጋር ሱዳን በስደት አንድ ክፍል የተጋሩ፣ ለንደንም ተከታትለው የገቡ ጓደኛዋ ናቸው።

«ሶሊዬ፣ ጉብኝቱን ካንስል እናድርገው እንዴ?»

«ለምን? ቡክ ተደርጓል እኮ። ኑ።»

«ትችያለሽ ወይ?»

«እችላለሁ፣ እትዬ።»

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ መጡ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀዋል። ማርጋሬት በመስኮት አይታ «ቀብር አለ እንዴ ዛሬ?» ብላ ጠየቀች። ሶልያና «የለም፣ የኔ ሰዎች ናቸው» አለቻት።

በአማርኛ አስጎብኝታ አታውቅም። ከውጭ ጀመረች፣ እዚያው ቃል አጣች። ከግንቡ ጎን እየተነሡ በአየር ላይ ተዘርግተው ጣሪያውን ደግፈው የቆሙትን የድንጋይ ክንዶች እያሳየች፣ «እነዚህ… ፍላይንግ ባትረስ ይባላሉ» አለች። «ጣሪያው ከባድ ነው፤ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። እነሱ ደግሞ ከውጭ ይይዙታል። ስለዚህ ግድግዳው መሳሳት ቻለ፤ ትልልቅ መስኮት ወጣለት።»

«ምርኩዝ ነዋ!» አሉ ጋሽ አምሃ፣ የራሳቸውን ከዘራ ከፍ አድርገው። ቀልድ የማያልቅባቸው፣ ቆባቸውን ከግንባራቸው የማያወርዱ ሰው ናቸው። «ቤቱም እንደኛ ጉልበቱን ያመዋል።»

ሴቶቹ ሣቁ፤ ወዲያው ሐዘን ላይ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ሶልያና ቀና ብላ ከጣሪያው ጥግ የተንጠለጠለውን ባለ ቀንድ አውሬ አሳየቻቸው። አፉን በርግዶ፣ ምላሱን አውጥቶ ወደ መንገዱ ያያል።

«ሰይጣን ቤተክርስቲያን ላይ ምን ይሠራል?» አሉ እትዬ አልታየሽ እያማተቡ።

«ጋርጎይል ነው፣ እትዬ። ጉሮሮው ክፍት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ የጣሪያው ውሃ በአፉ ይወጣና ከግንቡ ርቆ ይወድቃል።»

«አሸንዳ!» አሉ ጋሽ አምሃ። «ይሄ ሁሉ ቀንድና ምላስ ለአሸንዳ?»

አሸንዳ። ቃሉን ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታው አታውቅም፤ ወይ ሰምታ ረስታዋለች። በልቧ ደገመችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማታ ለእናቷ ትነግራት ነበር። ሐሳቡ መጣ፣ ምንም ሳይነካት አለፈ።

ውስጥ ሲገቡ ድምፃቸው ጠፋ። አምዶቹ እንደ ዛፍ ግንድ ወጥተው ወጥተው፣ ጣሪያው ላይ ሲደርሱ በቀጫጭን የድንጋይ ዘንጎች ይበተናሉ፤ ዘንጎቹ እየተሻገሩ ጣሪያውን ይሸከሙታል። የጎድን አጥንት እንደሚባሉ ነገረቻቸው። «እንግዲህ እንደ ዮናስ ዓሣ አንባሪ ሆድ ገብተናል በይኛ» አሉ ጋሽ አምሃ በሹክሹክታ። በደቡብ በኩል ያለው፣ ጽጌረዳ መስኮት የሚባለው ክብ ባለቀለም መስታወት ቀይና ሰማያዊ ብርሃኑን ወለሉ ላይ ጥሎታል። አንዲት አሮጊት ጫማዬን ካላወለቅሁ አልረግጠውም አሉ። ሶልያና አልከለከለቻቸውም።

በሰሜን በኩል ያለችውን ጠባብ ጸሎት ቤት ልትዘላት አስባ ነበር። ሌሎቹን ስለ መስኮቱ ስታስረዳ ግን እትዬ አልታየሽ ብቻቸውን ወደዚያ አዘገሙ፤ ብዙም ሳይቆዩ ድምፃቸው ተሰማ።

«ኸረ በስመ አብ! ይህን ሰው ምን አድርገውት ነው?»

የአንድ ጳጳስ መቃብር ነው፤ ሁለት ደርብ ያለው አልጋ ይመስላል። ከላይ ጳጳሱ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አክሊላቸውን ደፍተው፣ መዳፋቸውን ለጸሎት ገጥመው በድንጋይ ተቀርጸዋል። ከታች ያሉትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ራቁታቸውን ናቸው፤ የመገነዣው ጨርቅ ወደ ግራና ቀኝ ተገልጧል፣ ሆዳቸው ጎድጉዷል፣ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል፣ አፋቸው ተከፍቷል።

የሶልያና አፍ ሥራውን ጀመረ። «በጎቲክ ዘመን ማብቂያ ላይ የመጣ የመቃብር ዓይነት ነው። ጳጳሱ በሕይወት እያሉ ነው ያሠሩት። ሥልጣንና ክብር አላፊ መሆኑን ሰው እንዲያስብ…»

«እሱስ ይሁን» አሉ እትዬ አልታየሽ። «ግን ሬሳ እንዲህ ገልጦ ይተዋል? ሰው የላቸውም? ማነው የገነዛቸው?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጎብኚ ጠይቋት አያውቅም። እትዬ አልታየሽ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ጎብኚ እንዳይጠጋ የተዘረጋውን ገመድ ከፍ አድርገው በሥሩ አለፉና የታችኛውን ጳጳስ ከአንገታቸው እስከ እግራቸው አለበሷቸው። ነጠላው አገጫቸው ሥር እንዳይሸበሸብ በመዳፋቸው ዳበሱት። መንካት ክልክል ነው። ልታስቆማቸው ይገባል። ሶልያና እጇ ሳይንቀሳቀስ ቆማ አየች።

እናቷ በተገነዘች ቀን፣ የቀብር አስፈጻሚዎቹ ቤት፣ ክፍሉ ውስጥ አልገባችም ነበር። እትዬ አልታየሽና ሌሎች ሁለት ሴቶች ውሃና ጨርቅ ይዘው ሲገቡ እሷ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ የመውጫ ምልክት አለ፤ የሚሮጥ ሰው ሥዕል። በሩ እስኪከፈት ድረስ እሱን ስታይ ቆየች።

«እትዬ» አለች። «እናቴ እንዴት ነበረች?»

እትዬ አልታየሽ አልዞሩም። ነጠላውን ማስተካከል አልተዉም።

«ደህና ነበረች፣ ልጄ። ከስታ ነበር እንጂ ፊቷ አልተለወጠም። መርፌ የገባበት ክንዷ ላይ ፕላስተር ለጥፈውባት ነበር፤ ቆዳዋ እንዳይላጥ በውሃ አርሰን ቀስ ብለን አነሣንላት። ጸጉሯን አበጠርነው። ያ ሁልጊዜ የሚቆምባት ጎኑ አሁንም አልተኛ አለን። እጇን አጣመርነው፣ የእግሯን አውራ ጣቶች አሰርን።» ነጠላውን ወደ ጳጳሱ እግር ሳብ አደረጉት። «የእግር ጥፍሯ ቀለም ነበረው። ቀይ። እናጥፋው ወይ ተባባልን፣ ከዚያ ተውነው።»

«እኔ ነኝ የቀባኋት» አለች ሶልያና። «ሆስፒታል ሆና ‹አንድ ቀን እንኳ ተቀብቼ አላውቅም፣ እስቲ ቀቢኝ› ስትለኝ።»

«ዐውቄዋለሁ። መስመር ስቶ ቆዳዋ ላይ ፈስሶ ነበር። የባለሙያ እጅ አይደለም አልኩ።»

ሶልያና ከት ብላ ሣቀች። ድምፅዋ ጣሪያው ላይ ደርሶ ሲመለስ ራሷን አስደነገጣት። ከዚያ እንባው ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ እትዬ አልታየሽም ዞረው ጠበቁ። አልመጣም።

«አልገባሁም እኮ፣ እትዬ። እናንተ ስትገቡ እኔ ቀረሁ።»

«አየሁ።»

«ሰው ምን አለኝ?»

«ሰው ብዙ ይላል። እኔም እናቴን የገነዝኳት አይምሰልሽ፤ ሱዳን ሆኜ ነው የሞተችው። አንቺስ ቢያንስ በር ላይ ቆመሻል።»

ሌሎቹ በዚህ መሀል ደርሰው ነበር። የለበሱትን ጳጳስ አይተው ማንም አልጠየቀም። ጋሽ አምሃ ቆባቸውን አወለቁ። «ለብፅዓት አቡነ ዘበሰማያት እንበልላት» አሉ፤ አክለውም፣ «ለኚህም አባት ጨምረን።» ሶልያና ጸሎቱን እስከ መሀሉ ድረስ ነው የምታውቀው፤ ከዚያ በኋላ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች።

ማርጋሬት መጥታ ከገመዱ ወዲህ ቆመች። ነጠላውን አየች፣ የሶልያናን ፊት አየች። «ደህና ነሽ?» አለች።

«እንጃ» አለች ሶልያና በእንግሊዝኛ። «እስኪጨርሱ ትንሽ ጊዜ ስጪን።»

ማርጋሬት ራሷን ነቀነቀችና ሄዳ ከወዲያ በኩል ይመጡ የነበሩትን ጎብኚዎች ወደ ሌላ አቅጣጫ መለሰቻቸው። ጸሎቱ ሲያልቅ እትዬ አልታየሽ ነጠላቸውን አንሥተው አራገፉት፤ እንደ ነበረው ዘቅዝቀው ለበሱት። ጳጳሱ እንደገና ተራቆቱ። ሚኒባሱ እንዲቆም የተፈቀደለት ሰዓት ስላለቀ ሹፌሩ እየደወለ ነበር፤ ተቻኩለው ወጡ።

ያን ዕለት ሶልያና አላለቀሰችም። በእናቷ አርባም አላለቀሰችም፤ ቀሳውስቱን አስተናገደች፣ ወንበር አጣጠፈች። ሰውም ማውራቱን ተወ። ሥራዋን እንደ ወትሮው ቀጠለች። ጸሎት ቤቷ ጋ ስትደርስ ግን የተማረችውን ሁሉ አትናገርም፤ «ጎንበስ ብላችሁ እዩ» ትላለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች።

ክረምቱ ገብቶ ቀኑ በጊዜ መጨለም ሲጀምር እትዬ አልታየሽ ደወሉ። ሃክኒ ሰፈር ትኖር የነበረች ኪዲ የምትባል ሴት አርፋ ነበር። ለንደን ዘመድ የላትም። ሶልያና አንድ ሁለት ጊዜ ቤተክርስቲያን በር ላይ አይታታለች እንጂ አታውቃትም።

«ለመገነዝ ሰው አንሶናል» አሉ እትዬ አልታየሽ። «ከቻልሽ ነው።»

ሄደች። ኮሪደሩ ጠባብ ነበር፤ ክፍሉም ቀዝቃዛ። ማንም ግቢ አላላትም፣ ማንም ቅሪ አላላትም። ካፖርቷን አውልቃ በሩ ላይ ሰቀለች፤ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። የሴትዮዋ እግር በአንሶላው ጫፍ ወጥቶ ይታያል። ሶልያና ተጠግታ በመዳፏ ያዘችው። ቅዝቃዜው ተሰማት፤ ክብደቱም ተሰማት።

«የውሃውን ማሰሮ አቀብይኝ» አሉ እትዬ አልታየሽ። «መጀመሪያ ግን በእጅሽ ሞክሪው። ለብ ይበል።»