የታችኛው ኩሬ ምስጥ

አበልጄ ኤውሎሂዮ በሁለት ኩሬ ጋሚታና የሚባለውን ዓሣ ያረባ ነበር። ዓሣው ወፍራም ነው፤ ገዢ አያጣም። አንጀቱን ያሳረረው መኖው ነው። ከባሕሩ ዳርቻ ተራራ ተሻግሮ የሚመጣው የዓሣ ዱቄት እኛ ጫካ እስኪደርስ ዋጋው እሳት ይሆናል።

"ዓሣ ለመቀለብ ዓሣ መግዛት! ከዚህ የባሰ ቂልነት አለ?" ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ቂሎች ነበርን።

እናም ሊያወዳድር ተነሣ። የላይኛው ኩሬ በዓሣ ዱቄት የተሠራ መኖ ይበላል፤ የታችኛው ደግሞ በየጓሯችን ከሚበቅለው የኢንቺ ፍሬ ዘይቱ ተጨምቆ በሚቀረው ፋጉሎ ብቻ የተሠራውን። የዓሣ ጫጩቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ውኃውም ያው ነው።

"ፋጉሎው ካልሠራ ኩሬውን ሸጬ ሊማ ልጄ ዘንድ እገባለሁ!" አለ እራት ላይ። ሚስቱ ሶራይዳ ሳቀች፤ "ካልሠራ እንቀላቅለዋለን፤ አንተ ደግሞ!" አለችው። እኔም ሳቅሁ። ሰውዬው በየዓመቱ በሊማ ሲዝት ነው የኖረው። አማቱ ዶኛ ፊሎሜና ግን አልሳቁም። እሳቸው ባላቸው ከተቀበሩበት መንደር ንቅንቅ እንደማይሉ ሁላችንም እናውቃለን።

ዓሣ ሲወጣ የታችኛው ኩሬ ከላይኛው እኩል ሆነ። ኤውሎሂዮ በደስታ አበደ። ያለ የሌለውን አፍስሶ ተጨማሪ ኩሬዎች አስቆፈረ፤ ሁሉንም በፋጉሎ ብቻ። ቀስ በል የሚለው ሰው አልነበረም፤ እኔም ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበርኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ዓሦቹ ጭንቅላት ብቻ ሆነው ቀሩ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን ስናማርር፣ "አምና የሠራ ፋጉሎ ዘንድሮ ምን ነካው?" አለ።

ዶኛ ፊሎሜና ከጉልበታቸው ሕመም ጋር ከተኙበት የገመድ አልጋ ላይ ሆነው መለሱ፦ "ዘንድሮ ጉልበቴ ይዞኝ ምስጥ የሚሰጣቸው ስለሌለ ነዋ!"

"የምን ምስጥ?"

"አምና በየማለዳው የምስጥ ጎጆ እየፈነቀልኩ እበትንላቸው አልነበር? ሲሻሙ ብታያቸው!"

"ለሁለቱም ኩሬ ነው እማማ?"

"ለምን ብዬ? ለታችኞቹ ነው እንጂ። የላይኞቹማ ጠግበዋል።"

ኤውሎሂዮ ወደ እሳቸው ዞረ። "ምነው እማማ? ምን አድርጌዎት ነው?"

"እንዳትሄዱብኝ ነዋ ልጄ! ካልሠራ እሄዳለሁ አላልክም?"

ተነሥቶ ወጣ። ተከትዬው ስሄድ ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብሎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ዛቻው የምር ሆነ። ኩሬዎቹ ተሸጡ፤ ባልና ሚስት ሊማ ገቡ። ሶራይዳ እናቷን ለምና ለምና አቃታት። ዶኛ አሁን እኔ ጎረቤት፣ የእኅታቸው ልጅ ቤት ይኖራሉ።

እኔ በበኩሌ የሶራይዳን ቃል ይዤ በራሴ ኩሬ ሞከርኩት፤ ግማሽ የዓሣ ዱቄት፣ ግማሽ ፋጉሎ። ዓሦቼ መረብ የሚቀድዱ ሆነዋል። ያኔ ዶኛ እጃቸውን ባያስገቡ ኖሮ ኤውሎሂዮ የከሱትን አይቶ፣ ተራግሞ፣ እንደ ልማዱ ስለ ሊማ ፎክሮ፣ ከዚያ ቀላቅሎ ይቀጥል ነበር። ይህን ግን ለዶኛ አልነግራቸውም።

"ያንተስ ፋጉሎ እንዴት ሆነ ልጄ?" ይሉኛል ባለፍኩ ቁጥር።

"ምን ይሆናል ዶኛ፤ የኔም ከስተው ቀሩ።"

"አዬ! እንግዲያማ ጥፋቱ የራሱ የፋጉሎው ነው" ይሉና ፊታቸው ትንሽ ፈታ ይላል።

ለቅዱስ ዮሐንስ በዓል ጎረቤት ለጎረቤት ከኩሬው ዓሣ መላላክ የአገራችን ወግ ነው። ዶኛ ፊሎሜና ደግሞ ከጋሚታና ጎድን የሚያስበልጡት ነገር የለም። እኔ ግን ውፍረቱን እንዳያዩብኝ ዓሣዬን ጭኜ ወንዝ ወርጄ ሩቅ እሸጥና ለእሳቸው ዶሮ ገዝቼ እልካለሁ።