የመቅመቆው ሥር

አልጣሽ ዘንቢሉን ደጃፉ ላይ ስትገለብጠው ባሏ ገሠሠ ከሽመናው ጉድጓድ አንገቱን አሰገገ። የቆፈረችው የመቅመቆ ሥር ከአምስት ባና፣ ከአምስት የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ በላይ አያቀላም። እሱ ደግሞ ለነጋዴው ለወዳጆ አሥራ ሁለት ቀይ ባና ለገና ገበያ ሊያደርስ ቃል ገብቷል።

"ቀኑን ሙሉ ውለሽ ይሄን ብቻ?"

"ከዚህ በላይ አልነካም። አምና ከነአናቱ የነቀልንበት ተረተር ዘንድሮ አንድ ቅጠል አላወጣም።"

"እኔስ ለወዳጆ ምን ልበለው?"

"ሚስቴ እምቢ አለች በለው።"

ገሠሠ ተናደደ። በማግስቱ ዶማውን ይዞ ራሱ ገደሉ አፋፍ ወጣ። አልጣሽ የቆፈረችበትን አፈር ጫር ጫር ቢያደርገው፣ ወፍራሙን ሥር ቆርጣ አናቱን ዳግም እንዲያቆጠቁጥ መልሳ ቀብራዋለች። በግ እንዳይግጠውም ዙሪያውን በእሾህ አጥራለታለች። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው ነው። እስከ ሠላሳ ድረስ ቆጠረና ተወው። በዚያ ፊት በሚልጥ ብርድ ተንበርክካ፣ አንድ በአንድ! ዶማውን ሳያነሳበት ተመለሰ።

አልጣሽ ሥሩን ወቅጣ በእንስራ ቀቀለች፤ ቀለሙንም በአመድ ውኃ አጠነከረችው። አንዲት ክር ነክራ ወደ ብርሃን ያዝ አደረገችና፣ "ገና ነው" አለች። ደግማ ነከረች፤ "ገና ነው።" በሦስተኛው ፈገግ አለች። ከእንስራው የወጣው የበግ ጠጉር ክር የደረቀ በርበሬ መሰለ። ሃያ ዓመት የሸመነው ገሠሠ መወርወሪያውን አስቀምጦ እጆቿን ሲያይ ቆየ።

የገና ገበያ ደርሶ ሞላሌ ከተማ ሲገናኙ ወዳጆ አምስቱን ቀያይ ባናዎች እያገላበጠ ዳሰሳቸው።

"ግሩም ናቸው። የቀሩት ሰባቱስ?"

"በበጉ ጠጉር በራሱ ቀለም ሠራኋቸው፤ ጥቁርና ነጭ።"

"እኔ ያዘዝኩህ ቀይ ነው። በል ሥሩ የሚበቅልበትን አሳየኝ፤ ሰው ልኬ በአህያ አስጭንልሃለሁ። ለፋሲካ ከአንተ ሃያ ባና እወስዳለሁ።"

ሃያ ባና! ለገሠሠ አንድ በሬ ማለት ነው። ቀና ብሎ አየ። አልጣሽ ከገበያው ወዲያ ማዶ የምትሸጠውን ክር ዘርግታ ከአንዲት ሴት ጋር ትከራከራለች፤ ይህን አልሰማችም።

"ወዳጆ፣ እኔ ሸማኔ ነኝ" አለ። "የቀለሙ ባለቤት እሷ ናት። አምስት ካለች አምስት ነው።"

ሰባቱን ጥቁርና ነጭ ባናዎች ትከሻው ላይ ደራርቦ፣ እሷ አጠገብ ዘርግቶ ሊሸጣቸው ሄደ።