የማይደርቀው ሰማያዊ

ቀዩ ይደርቃል። ማር መሳዩም ይደርቃል። ነጩማ በማግስቱ ከፎርማው ሲወጣ በመዶሻ ቢመቱት ግድ የሚሰጠው አይመስልም። ሰማያዊው ግን በአራተኛው ቀንም ጣት ሲያርፍበት ይለጥፋል፤ የነካውን ሰው አሻራ ይዞ እንደ ቂመኛ አልለቅም ይላል።

ወርክሾፑ የአባትና የልጅ ነው። ልጅ ሬዚን የሚሉትን ፈሳሽ ፕላስቲክና ማጠንከሪያውን በሚዛን ለክታ በአንድ ኩባያ ትቀላቅላለች፤ አባት ቀለም ይጨምሩበትና የጎማ ፎርማ ውስጥ ያፈሱታል። ሲደርቅ ጣት የሚያህል ጠንካራ ቁራጭ ይወጣል፤ ልጅ ያንን ቶርኖ ላይ አስራ እየቀረጸች የብዕር ቀፎ ታደርገዋለች። ከቀለሙ በቀር ሥራው ሁሉ በልክ ነው። ቀለሙ የአባት ነው። ሰፈሩ "ሚዛኑ" ብሎ የሰየማቸው ያለ ሚዛን ስለሚሠሩ ነው፤ የሰፈር ሰው ሲያደንቅም ሲያሾፍም በአንድ ስም ይጨርሳል። እሳቸውም "ቀለም በዓይን ነው እንጂ በቁጥር አይገባም" ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓይናቸው አሳፍሯቸው አያውቅም።

ሌላው የማያስነኩት ሥራ ድንቢጥን ማመላለስ ነው። ድንቢጥ የዚህችው ልጃቸው ልጅ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከቁመቷ ወሬዋ የሚረዝም፣ እሳት የላሰች ልጅ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ለእናቷ የቀረቻት እሷ ብቻ ናት። ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሷት፣ አሥር ሰዓት ላይ የሚያመጧት ሚዛኑ ናቸው፣ በዚያች አሮጌ መኪናቸው። ከወር በፊት መኪናዋ የፊት መከላከያዋ ተጣሞ መጣች።

"ቆማ ሳለች ነው የገጯት" አሉ ሚዛኑ። "ማን እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁም።"

ልጃቸው አመነቻቸው። አባት አይጠረጠርም።

ስለዚህ ሰማያዊው አልደርቅ ሲል የጠረጠረችው ሌላውን ሁሉ ነበር። መጀመሪያ ማጠንከሪያውን ጠረጠረች፤ ጊዜው አልፎበት ይሆናል ብላ አዲስ ገዛች። ሰማያዊው ለጠፈ። ብርዱ ይሆናል ብላ ማሞቂያ አስገባች፣ መስኮቱን ዘጋች፤ ክፍሉ ከመጋሉ የተነሳ ድንቢጥ "እማዬ፣ እኛም ልንደርቅ ነው" አለች። ሰማያዊው ለጠፈ። ቅልቅሉ በደንብ አልተዋሃደም ይሆናል ብላ የኩባያውን ጎንና ታች እየፋቀች አምስት ደቂቃ ሙሉ አማሰለች። ክንዷ ዛለ እንጂ ሰማያዊው ያው ነው። ስልሳ ሰማያዊ ብዕር ያዘዘው ሱቅ ሁለት ጊዜ ደውሏል። አባቷ ደግሞ በየቀኑ አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ "ቀለሙ ተበላሽቷል። የዘንድሮ ሰማያዊ ሰማያዊነት የለውም።"

የቀረው የቀለሙ ጠርሙስ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ ድንቢጥን ሊያደርሱ ሲወጡ ከዚያው ጠርሙስ ሦስት ጠብታ ብቻ ጨመረችና አንድ ፎርማ ለብቻዋ አፈሰሰች። የሰረቀች ይመስል ከመደርደሪያው ጀርባ ደበቀችው። ማክሰኞ አውጥታ ስታየው ድንጋይ ሆኗል። ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ ጥፍር የማይበሳው።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ፈራች። ሬዚኑ ደህና ነው፣ ማጠንከሪያው ደህና ነው፣ ክፍሉም ጠርሙሱም ደህና ናቸው። የቀረው እጅ ነው፤ ያውም የእሷ እጅ አይደለም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት አባቷ ሲሠሩ አጠገባቸው ቆማ ጠብታውን በልቧ ቆጠረች። ሦስት። ሰባት። ኩባያው ጠቆረ። አሥራ አምስት። ሃያ ስድስት።

"አባዬ፣ አልበዛም?"

"ምኑ? ገና ውሃ እኮ ነው።"

"እስቲ ወደ መስኮቱ ያስጠጉት።"

አስጠጉት። የከሰዓቱ ብርሃን እየመታውም ኩባያው ጥላሸት ነው። ሚዛኑ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው አዩትና "አሁን ትንሽ ያዝ አድርጓል" ብለው ሁለት ጠብታ ጨመሩ። የሚጠብቁት በሐሳባቸው ያለው የድሮው ሰማያዊ እስኪመጣ ነበር። ያ ሰማያዊ ግን ከዓይናቸው ከወጣ ሰንብቷል፤ ሬዚኑን እንዳይደርቅ ያነቀው እሱን ፍለጋ የጨመሩት ቀለም ነው።

ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ ይባላል። በዚያ ቤት ጉድለትን ሁሉ የሚያየው የሚዛኑ ዓይን ነበር። ዓይኑ ራሱ ሲጎድል ማን ይየው?

አሁንም ማመን አልፈለገችም። ከመደርደሪያው ሁለት ቁራጭ አንስታ ፊታቸው አስቀመጠች፤ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ከመጀመሪያው ሳምንት የቀረ፣ ገና ያን ያህል ያልጠቆረ ሰማያዊ።

"የቱ ነው ሰማያዊው?"

ሚዛኑ ለማየት አልሞከሩም። በአውራ ጣታቸው አንዱን ዳበሱ፣ ሌላውን ዳበሱ። "ይሄ ነዋ" አሉ እየሳቁ፣ "የሚለጥፈው።"

እሷ አልሳቀችም። እሳቸው ግን ተነስተው ወደ ግድግዳው ሰዓት ሄዱ፣ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉት። "ለአሥር ሩብ ጉዳይ። ድንቢጥን ላምጣት" አሉ። የመኪናው ቁልፍ የተሰቀለበትን ሚስማር እጃቸው ግድግዳው ላይ ፈልጎ ፈልጎ አገኘው።

ዓይኗ እያየ ነው ነገሩ ያመለጣት። ሐሳቧ ገና ኩባያው ውስጥ ነበር፤ የሠላሳ ዓመት ሙያ፣ የታዘዘው ሥራ፣ ይህ ለአባት እንዴት እንደሚነገር። የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ ክው አለች። ያ ጥቁር ኩባያ ውሃ ከመሰላቸው መንገዱ ምን ይመስላቸዋል? የሚሻገር ሰውስ? ሮጣ ስትወጣ መኪናዋ መታጠፊያውን አልፋለች። የአባቷ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ትምህርት ቤቱ ስልክ አላነሳም።

ሄዳ መታጠፊያው ጋ ቆመች። ሽርጧን አላወለቀችም፣ ጓንቷም ከነቀለሙ ነው። ሲመለሱ ፀሐይ ፊት ለፊት እንደምትመጣባቸው አሰበች፤ ባላሰበችው ይሻል ነበር። የሚያልፍ መኪና ሁሉ የእነሱ እየመሰላት ሃያ አምስት ደቂቃ ቆመች።

መጡ። ቀስ እያሉ፣ አንዱ ጎማ የእግረኛ መሄጃው ላይ ወጥቶ፣ በቀጥታ ወደ እሷ። እጇን አነሳች። አባቷ ወደ እሷ እያዩ ነበር፤ ግን አላዩዋትም።

"አባባ፣ ሰው አለ! ፍሬን!" የሚል የልጅ ድምፅ ከመስኮቱ ወጣ። መኪናዋ ከጉልበቷ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

"እማዬ ናት" አለች ድንቢጥ ለአያቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እናቷ በሩን ከፍታ አወጣቻት፣ እቅፍ አደረገቻት። "አሁን ምን ነበር ያልሽው?"

"ሰው ሲኖር እኔ ነኝ የምነግራቸው። ቀይ ሲበራም፣ አረንጓዴ ሲሆንም። ለእማዬ አትንገሪ ብለውኛል፤ አሁን ግን ራስሽ ነሽ ያየሽው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሁለተኛ ክፍል ከገባሁ ጀምሮ።" ድንቢጥ አንገቷን ደፋች። "ያኔ አጥር ገጭተው መኪናዋ የተጣመመችው በእኔ ጥፋት ነው፣ እማዬ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ተኝቼ አላውቅም።"

ሚዛኑ እጃቸውን ከመሪው አላነሱም። "መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ ብዬ ነው" አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ "ዓይኔ ደከመ ካልኩ ቀለሙን ትነጥቂኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"እርስዎ ልጄን ሊነጥቁኝ ነበር" አለች።

እንዲህ ያለ ቃል ለአባቷ ተናግራ አታውቅም። ንዴቱ እየናጣት ነበር፤ አባቷ መሪውን አልለቅ ሲሉ ስታይ ደግሞ አሳዘኗት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እሳቸው ግን ደብቀው አላበቁም፤ ድብቁን ለሰባት ዓመት ልጅ አሸክመዋል።

መኪናዋን አንድ ጎረቤት ነድቶ ግቢያቸው አስገባላቸው። ሚዛኑ ቁልፉን ተቀብለው ወርክሾፑ ገቡና ባዶ ፎርማ ውስጥ አስቀመጡት።

"ለክተሽ አፍስሺበት" አሉ። "ቀለም አትጨምሪ። ሐኪም ያየኛል፤ እስከዚያ ራሴን አላምነውም።"

ለካች፣ አማሰለች፣ አፈሰሰች። በማግስቱ ቁልፉ እንደ ብርጭቆ በጠራ ቁራጭ ውስጥ ታስሮ ወጣ። ሚዛኑ በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት። "አይለጥፍም" አሉና ኪሳቸው ከተቱት።

ያን ቀን ከሰዓት እናት ራሷ ሄዳ ድንቢጥን በአውቶቡስ አመጣቻት። ከሾፌሩ ጀርባ መቀመጫ አገኙ። ልጅቷ ጀርባዋን አቅንታ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣ ዓይኗን ከፊት መስታወቱ አልነቅልም አለች። በየመብራቱ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቀይ። አረንጓዴ። ሰው። እንቅልፉ ሲያዳፋት ጉንጯን በጣቷ ትቆነጥጣለች።

እናቷ ጭንቅላቷን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው። "ተኚ፣ የኔ ልጅ። ሾፌሩ ያያል።"

ድንቢጥ ቀና ብላ አየቻት።

"በምን አወቅሽ?" አለች።