አራተኛው ምሰሶ

ሽማግሌው አናጢ ብሎኑን ፈታ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ጣሳው ውስጥ ጣለው። ከጎኑ ሴት ልጁ የወረዱትን እንጨቶች በጠመኔ ቁጥር ትጽፍባቸዋለች። የዚህን የንባብ ቤት ንድፍ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያወጣችው እሷ፣ የሠራው እሱ ነው። ያኔ፣ «አባዬ፣ ምስማርም ሙጫም እንዳይነካው። አንድ ቀን ፈትተን ሌላ ቦታ እንተክለዋለን» ብላው ነበር። ቀኑ ደረሰ፤ ቦታው ለመንገድ ተፈለገ፣ ቤቱ ወንዝ ማዶ ላለው ትምህርት ቤት ተሰጠ። እሷም አንድ እንጨት ሳይቆረጥ አደርሰዋለሁ ብላ ቃል ገብታለች።

የቀረው አራተኛው ምሰሶ ነው። አባትየው ከጠዋት ጀምሮ ወደ እሱ ሳይቀርብ ነው የዋለው።

ልጅቱ የምሰሶውን ብሎን ፈትታ ከእሱ ጋር የተጋጠመውን አግዳሚ እንጨት ገፋችው። ፍንክች አላለም።

«ኧረ በመጋዝ ገላግሉት!» አለ እንጨቱን ሊጭን የመጣው ሾፌር ከመኪናው ላይ። «እዚሁ ላረጅ ነው እንዴ?»

አግዳሚው ከተቆረጠ ያጥራል፤ ካጠረ ጣሪያውን አይሸከምም።

«ሙጫ አለበት» አለ አባትየው አቀርቅሮ።

«ምን?»

«ያን ሰሞን ነፋሱ አላስተኛኝ አለ። ልጆች የሚቀመጡበት ቤት… ምሳ ስትሄጂ ይሄን አንዱን ቀባሁት።»

ጠመኔው እጇ ላይ ተሰበረ። «ሥራዬን አላመንከውም በለኛ!»

«አላመንኩም። ሌሎቹ ግን ያለ ሙጫ ዘጠኝ ክረምት ንቅንቅ አላሉም። ልነግርሽ እያልኩ አፌ እምቢ አለኝ።»

መጋጠሚያውን በጣቷ ዳሰሰች። «የምን ሙጫ ነው?» አለችው።

«የድሮው፣ ከቆዳ የሚፈላው።»

«እሱማ በሙቅ ውሃ ይለቃል! የተሰበረውን ወንበር ስንጠግን አንተው አይደለህ ያሳየኸኝ?»

«ከታገሥሽው ይለቃል።»

ከጥበቃው ቤት የፈላ ውሃ መጣ። ጨርቅ እየነከሩ መጋጠሚያውን ጠቀለሉት፤ ሲበርድ ደግሞ ሌላ።

«አሁን ደግሞ እንጨት ማጠብ ተጀመረ» አለ ሾፌሩ።

ቀትር አለፈ። የሙጫው ሽታ መውጣት ሲጀምር አባትየው የእንጨት መዶሻውን አነሳ።

«ቀስ በል፣ አባዬ።»

«ማን አስተማረሽና ነው!»

አግዳሚው ሲጥ አለ፣ ጣት ያህል ወጣ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ለቀቀ። ሾፌሩ ሳይጠሩት ወርዶ አንዱን ጫፍ ያዘ።

ልጅቱ የጠመኔውን ስባሪ ለአባቷ ሰጠችው። «አንተ ጻፍበት።»

«አራት» ብሎ ጻፈ። ጥቂት አሰበና ከሥሩ «ሙጫ አይቀባ» ሲል ጨመረ። የመጨረሻውን ብሎን ጠርጎ ጣሳው ውስጥ ከተተ፤ ክዳኑን ገጠመና ወደ ጎን አኖረው።