በሰንበት የሚቆጠር ኃጢአት

እትዬ ገላነሽ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ኃጢአተኛ ተባሉ። ጥፋቱ የወንበር ነው።

በጥር ወር ኤረር በር አጠገብ ባለው ቤታቸው ግቢ አዳልጧቸው ወደቁ። አጥንታቸው ደህና ነበር፤ መነሳት ግን አቃታቸው። ጎረቤታቸው እትዬ ሙሉመቤት ደርሰው እስኪያነሷቸው ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ ከዶሮዎቻቸው ጋር ተፋጠጡ። ድሬዳዋ የሚኖረው ልጃቸው ደረጀ ይህን ሲሰማ ቆረጠ።

«እማዬ፣ ከፋሲካ በኋላ እኛ ጋ ትገቢያለሽ። ከወደቀችበት መነሳት የማትችል ሴት ብቻዋን አትኖርም።»

እትዬ ገላነሽ ቤታቸውን ለቀው የምራታቸው ሳሎን ውስጥ መጎለትን ከሞት ይልቅ ፈሩት። ሐኪም ቤት ሄዱ። ዮዲ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እግራቸውን አየችና፣ «እማማ፣ እግርዎ ሥራ ፈቶ ነው የሰነፈው» አለቻቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ በእጅ ሳይደገፉ። ሲለምዱት ደግሞ ክብደት ይዘው። ክብደቱ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ሆነ፤ በየሳምንቱ አንድ ጣሳ ውሃ ይጨመርበታል።

ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። እትዬ ሙሉመቤት ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ማቃሰት። ዱብ። «ሃያ ስምንት... ሃያ ዘጠኝ... እግዚኦ!» ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለሆነ ስግደት ነው ብለው አለፉት። ግን እሁድም ተቆጠረ! በሰንበት እንደማይሰገድ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እንግዲህ የነፍስ አባታቸው የሰጧቸው፣ ሰንበት የማያስጥለው ከባድ ቀኖና መሆን አለበት። ምን ቢሠሩ ነው?

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። ሰፈሩ ግን ሻለቃ ጨመረበት፤ ድሮ በወጣትነታቸው የሚያውቁት አንድ ሻለቃ። ወሬው ሸዋ በር ደርሶ ሲመለስ ሻለቃዎቹ ሁለት ሆነዋል። እትዬ ገላነሽ ይህን ሲሰሙ ሊያስተባብሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። በዚህ ዕድሜ በወንድ መታማት ደስ አላቸው፤ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ደስ አላቸው።

«ኃጢአቴ ብዙ ነው» ብለው በረዥሙ ተነፈሱ። በማግስቱ ዐሥር ጨመሩ።

በፋሲካ ማግስት ደረጀ መኪና ይዞ መጣ። እትዬ ሙሉመቤትም ሊሰናበቱ መጥተው ነበር። እትዬ ገላነሽ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ አንድ ጉልበታቸውን አስቀድመው፣ ማንንም ሳይዙ ብድግ! ደገሙት። ጀሪካኑንም ከአልጋ ሥር አውጥተው አንጠለጠሉት።

«አንተስ ትችላለህ?»

ደረጀ ቦርጩን አየት አደረገ።

«ሲቆጠር የከረመው ይሄ ነው እንዴ?» አሉ እትዬ ሙሉመቤት ቅር ብሏቸው። «ሻለቃውስ?»

«የምን ሻለቃ?» አለ ደረጀ።

ብቻውን ወደ ድሬዳዋ ተመለሰ። እትዬ ገላነሽ በራቸውን ዘግተው በደስታ አለቀሱ።

በማግስቱ ጠዋት ከግድግዳው ማዶ ማቃሰት ተሰማ። ዱብ። «አራት... አምስት... ኧረ እግዚኦ!»

እትዬ ገላነሽ ግድግዳውን አንኳኩ። «ሙሉዬ! ያንቺስ ኃጢአት ምንድን ነው?»

«ካንቺ ያንሳል» አሉ እትዬ ሙሉመቤት እያለከለኩ። «ስድስት ብቻ ነው።»