ያልተሰማው ጎል

የስታዲየሙ የኮሜንታተሮች ክፍል ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠባብ ጠረጴዛና አንድ ማይክራፎን አለው። ማይክራፎኑ ሥር አስተላላፊው ሳል ሲይዘው የሚጫናት ቀይ ቁልፍ አለች፤ ጣት እስካረፈባት ድረስ ክፍሉ ውስጥ የሚባለውን ተመልካች አይሰማም፤ የሚሰማው የሜዳው ጩኸት ብቻ ነው።

ለዋንጫው ፍጻሜ የመጀመሪያውን አጋማሽ ጭምቱ፣ ሁለተኛውን መብረቁ እንዲያስተላልፉ ተመደቡ። ሁለቱንም ስም ያወጣላቸው ተመልካች ነው። መብረቁ ለዓመታት የቴሌቪዥን ጣቢያው ቁጥር አንድ ድምፅ ነበር፤ ጭምቱን ማይክራፎን ፊት ያስቀመጠውም እሱ ነው። አሁን ግን የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ፣ «ዛሬ የበለጠው ውጭ አገር ሄዶ የአህጉሩን ውድድር ያስተላልፋል፤ የምንልከው አንድ ሰው ነው» ብሏቸዋል።

መብረቁን የሚያንገበግበው የጭምቱ መወደድ ብቻ አልነበረም፤ የሚወደድበት ምክንያት ነው። ጎል ሲገባ ጭምቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይልና ዝም ይላል። የሕዝቡ ጩኸት ብቻ ይሰማል። ሰዉ ደግሞ ይህን ጥበብ ይለዋል።

«ዝም ላለበት ነው እንዴ ደመወዝ የሚከፈለው?» ይላል መብረቁ ለሚስቱ። «እንደሱማ ከሆነ ቁም ሳጥናችንም ጨዋታ ያስተላልፍ።»

«ቁም ሳጥኑ ሲከፍቱት ነው ሲጢጥ የሚለው፤ አንተ ሳይከፍቱህም ትጮሃለህ» ትለዋለች።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። «ጋሼ፣ ተራህ ነው» ብሎ ጭምቱ ተነሣለት። የወንበሩ ሙቀት እንኳ መብረቁን አናደደው።

ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ጭምቱ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ተንፍስ፤ ድምፅህ እየደከመ ነው» አለው በሹክሹክታ። ለክፉ አልነበረም። መብረቁ ግን ቀይዋን ቁልፍ ተጫነና ዞረበት።

«አፍህን የፈታሁልህ እኔ ነኝ፤ ዛሬ መተንፈስ ልታስተምረኝ ነው?»

ይህን ሲል ስታዲየሙ ተናወጠ። ተቀይሮ የገባው የክንፍ ተጫዋች ኳሷን ከመሃል ሜዳ እየገፋ ሁለተኛውን ተከላካይ አልፎ ነበር። መብረቁ ወደ ሜዳው ዞሮ ቃላቱን ለቀቃቸው። ኳሷ መረብ ስትነካ ከወንበሩ ብድግ ብሏል፤ ጣቱ ግን ከቁልፏ አልተነሣም። ጭምቱ እጁን ነካ አደረገው። መብረቁ ግን ማይክራፎኑን ሊነጥቀው መሰለውና በክርኑ ገፋው። ጣቱን አይቶ ከቁልፏ ያነሣው የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ሲቀሩት ነው። በየቤቱ የተሰማው ረጅም የሕዝብ ጩኸት፣ ከዚያም አንድ የደከመ ድምፅ ብቻ ነበር፤ «ማን ያምናል?»

ጨዋታው እንዳለቀ ኃላፊው ለመብረቁ ደወለለት።

«አስለቀስከኝ» አለው። «ያን ሁሉ ዝም ብለህ በስተመጨረሻ ሁለት ቃል። በቃ፣ የምትሄደው አንተ ነህ።»

መብረቁ ሊያመሰግን አፉን ከፈተ። ኃላፊው ግን አልጨረሰም።

«እንኳን ከጭምቱ ተማርክ። መምህርም ከተማሪው ይማራል።»

ጭምቱ የማዳመጫውን ገመድ እየጠቀለለ ነው። ቁልፏን ያየው እሱ ብቻ ነው፤ ለመናገር ያሰበም አይመስልም። በሰው ወርቅ አይደምቁም ይባላል። መብረቁን ያንገሸገሸው ግን የወርቁ ባለቤት ነው።

«ከማንም አልተማርኩም» አለ። «ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። እሱን እየተቆጣሁ ጎል ገባ። እንደልማዴ ጮኼያለሁ፤ እናንተ ናችሁ ያልሰማችሁት።»

«በፍጻሜ ጨዋታ ባልደረባህን ስትቆጣ?» አለ ኃላፊው። «እንግዲያው ጭምቱ ይሄዳል።»

ጭምቱ ገመዱን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ምን ነካህ? እኔ እኮ አልናገርም ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔን የጨረሰኝ እሱ ነው።»

መብረቁ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። በሥራ ዘመኑ ከተናገረው ሁሉ የላቀውን ዛሬ እንደተናገረ ታውቆታል፤ ቃላቱ ግን ከአፉ እንደወጡ ተነዋል። የሰማቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። በዚያም ቀናበት።

«ምን ነበር ያልኩት?» አለ።

ጭምቱ አሰብ አደረገ። «‹ሜዳው ጠቦታል፣ ለዚህ ልጅ ሌላ ሜዳ ፈልጉለት› አልክ። ከዚያ ‹በረኛው ዘሎ የያዘው ነፋሱን ነው፤ ኳሷማ መረብ ውስጥ ተኝታለች› አልክ። እኔ እንዲህ የሚመጣልኝ ቢሆን ዝም እል ነበር?»

«እንዲህ ተለሳልሼ ነው ያልኩት?»

«አይ፣ አንተማ ጮኸህ ነው።»

«ታዲያ ጮኸህ በለዋ።»

ጭምቱ ጉሮሮውን ጠረገና ባዶውን ሜዳ እያየ እንደገና ጀመረ።

«ጨምር» አለ መብረቁ። «ውጭ አገር ሄደህ እንዲህ ልታንሾካሹክልን ነው?»